ግራ እግር

ጦሳ ጉም ለብሶ ባረፈደበት ቀን
ሰኞ ገበያ፣ ዳገቱ መሐል ለገመች።
ሞተሯ ያጓራል፣ ጎማዋ አይሰማም፤
ማርሿ «ዲ» ላይ ነው፣ እሷ ግን የለችም።

ካይሱዙ ጅራት በገመድ ታስራ ሐረጎን ወረደች፣
እግሬ ፍሬን ላይ፣ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ፣
እስከ ቦርከና ዳር፣
እስከ ጋሽ ጦይብ የቆርቆሮ ጥላ።

ከሥሯ ገብቶ ወጣ። ጣቱን አሽትቶ ወደኔ ዘረጋ፦
«ዘይቱ አሯል። ይኼ ካምቢዮ ለሜዳ አገር የተሠራ ነው፣
ወደዚህ ጠመዝማዛ ማን ላከው?
አዲስ ላስመጣ ብትዪ መኪናዋን ሸጠሽም አትከፍዪውም።
ከተገጨች ኮሮላ ያወጣሁት የእጅ ካምቢዮ አለኝ፤
ፍሪሲዮን እናስገባላት፣ ሰው ትሁን።»

ወንበሯን ነቀሉ፣ ምንጣፏን ገለጡ።
በቀኝ በኩል እስከ ላሜራው ተበልቷል፤
በግራ ግን ትናንት የተነጠፈ ይመስል
ፀጉሩ እንኳ አልተኛም።
«የዚች ሹፌር ግራ እግር አልፈጠረለትም እንዴ?»
አለ ልጁ ሙሄ፣ ብሎኑን በጥርሱ ይዞ።
ሳቁ።
እኔ ቦርከናን አየሁ።

አባቴ አራጋው እንድሪስ፣
ሃያ ዓመት በኤንትሬ አሰብ የወረደ፣
ጨው ጭኖ የወጣ፣
ማርሽ ሲለውጥ ጎኑ የተኛ የማይነቃ፣
ፍሬኑ አልታዘዝ ያለው ለት፣ ሐረጎ ላይ፣
ጭነቱን አተረፈ፣ ረዳቱን አተረፈ፤
ግራ እግሩ በበሩና በቋጥኙ መሐል ቀረች።
የት እንደተቀበረች ሳይነግረን አረፈ።

ይችን የገዛት ከዚያ በኋላ ነው።
«እኔ የምነዳት መሰላችሁ? እሷ ናት የምትነዳኝ፤
ፍሪሲዮን የሌላት መኪና ልጓም የሌላት በቅሎ ናት»
ይል ነበር፣ ለሰው።
ጎኑ ተቀምጬ ግን ያየሁትን አየሁ፦
በየመታጠፊያው
ከጉልበቱ በላይ የተረፈችው ጭኑ ትነሣለች፣
በሌለ እግር
የሌለ ፍሪሲዮን ልትረግጥ።

አራት ቀን ፈጀ።
መሰርሰሪያው ላሜራዋን የበሳት እዚያው ነው፣
ማንም ያልረገጠው ቦታ ላይ፤
ጆሮዬን ያዝኩ።
ሦስተኛዋ ፔዳል ገባች፣
ከሟቿ ኮሮላ የመጣች፣
ጎማዋ በሌላ ሰው እግር የተበላ።
የማን ግራ እግር እንደነበረ አልጠየቅኩም።

ሁሉ ካለቀ በኋላ አልነሣ አለች።
ጋሽ ጦይብ ሁለት ሽቦ ፈልጎ ጠመዘዘ፦
«‹ፓርክ ላይ ነሽ› ብለን እንዋሻት፤
እውነቱን ካወቀች አትነሣም።»
ዋሻት። ተነሣች።

ቁልፉን ሰጠኝ። ረገጥኩ፣ ቶሎ ለቀቅኩ፤
ሁለቴ ዘላ፣ አስነጥሳ ጠፋች።
«ይማርሽ!» አለ ጋሽ ጦይብ።
ለሷ ይሁን ለኔ፣
ለማርሹ ይሁን ለምሕረቱ አልለየልኝም።
ሙሄ እስኪያለቅስ ሳቀ፤
እኔም ሳቅሁ፣ አባቴ ካረፈ በሰባተኛው ወር።

ሊብሬዋ አሁንም በስሙ ነው፤
ከስሙ ዝቅ ብሎ፦ ካምቢዮ፣ ኦቶማቲክ።
ይቀየር ይሉኛል። ነገ እያልኩ ከረምኩ።

ሐረጎን ስወጣ
ሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ አንደኛ፣
አዲሱ ምንጣፍ ላይ ተረከዜ ጎድጓዳውን እያበጀ፣
ያቺ መታጠፊያ ጋ ስደርስ
ሳላዘው ጭኔ ተነሣ።
ሰው ሁሉ ግራ ገባኝ ሲል እሰማ ነበር፤
እኔን ዛሬ ነው ግራ የገባኝ፣
ከነተረከዙ፣ ከነጣቶቹ።

ዳሽቦርዷ ላይ «ፒ» በርቷል፣ አይጠፋም።
ቆሜያለሁ ትላለች።
ከታች ኮምቦልቻ እያነሰች፣
ጉሙ እየቀረበ፣
እየወጣን ነው።